ያዮ ላይ የበላነው ምሳ

ሦስተኛ ዓመት ሳለን፣ ፈተና እንዳለቀ ከመቱ ተነስተን ያዮ ሄድን። እኔ፣ ምስጢሬን ሁሉ የምነግራት ጓደኛዬ ሜሮን፣ እና ሊያገባኝ ቃል የገባልኝ ቶሌራ ነበርን። ቶሌራ ያዮን አይቶ እንደማያውቅ ነግሮኛል። የቡናውን ጫካ ስንዞር አርፍደን፣ ሲርበን አንድ ምግብ ቤት ገባን።

ባለቤቷ እትዬ ዘነበች ከበሩ ላይ ሲያዩት «ቶሌራ! አካም ጅርታ?» ብለው አገላብጠው ሳሙት። «ምነው ጠፋህ? ሚስትህስ ደህና ናት?»

ቶሌራ አንገቱን ደፋ። እኔ ሰው ተሳስተው ይሆናል ብዬ ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ግን በስሙ ነው የጠሩት። ጥብሱ ሲቀርብ ቶሌራ እጄን ልታጠብ ብሎ ወጣ፤ ቶሎም አልተመለሰም። እኔ እንጀራውን ሳልጎርስ እቆራርሰው ነበር። እትዬ ዘነበች አጠገቤ ተቀምጠው ጀርባዬን ይደባብሱኝ ጀመር።

«እህቱ ነሽ አይደል? ብይ እንጂ የኔ ልጅ።»

ጥብሱን ወደ እኔ አስጠጉልኝ።

«ሕፃኑን አሞት ነበር አሉ። ተሻለው?»

ሜሮን ጥብሱ ጥሟት እኔ መኖሬን የረሳች ይመስለኛል፤ ከሳህኑ ቀና ሳትል መለሰችላቸው።

«ተሽሎታል እትዬ፣ ጥርስ ሊያወጣ ኖሯል።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።