ቦቃዋ ፍየል በከድጄ ጓሮ

ባሂራ «ዝም በይ» ሲሏት የሚብስባት ሴት ናት። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ በልጅነቷ ነው። ከዚያ ወዲህ አስተማሪ አይታ አታውቅም፤ የቀረውን ከጋዜጣ ቁራጭ፣ ከመድኃኒት ካርቶን፣ ቅመም ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ለቃቅማ ተማረች። ቡታጅራ ገበያ ቆጮና ቡላ ትሸጣለች። ወረቀት እጇ ከገባ ገዢ ይረሳል። «ኧረ ሴትዮ፣ ስጪኝና ልሂድ!» ሲሏት «ቆይ፣ መጨረሻውን ልየው» ትላለች። በዚህ የተነሳ ያመለጣት ደንበኛ ብዙ ነው። ጸጸት ግን አልነካትም።

አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በየሰፈሩ በገባበት ዓመት፣ ባሂራ ማክሰኞ ማክሰኞ በወጣት ማዕከሉ አንዲት ክፍል ሴቶችን ሰብስባ መጽሐፍ ታነብላቸው ነበር። ከማይቀሩት ሦስቱን ላንሳ። ፈቲሀ ትምህርቷን ገና የጨረሰች ልጅ ናት። ዓለምዘውድ ባሏ በመንግሥት ሥራ ሲዛወር ከጎጃም ይዟት የመጣ፣ ቤቷም አንደበቷም የተሰተረ ሴት ናት። ከድጄ ደግሞ ከተማው ጫፍ የምትኖር፣ አንድ ፊደል የማትለይ፣ አንድ ቃል ግን የማያመልጣት ባልቴት።

መጽሐፉን ከመደርደሪያ ያወጣችው ፈቲሀ ናት። ለልጆች የተጻፈ ልብወለድ፣ ከዳር እስከ ዳር በግጥም። አንዲት ልጅ ፍየሏ ጠፍታባት በየደጁ ትዞራለች፦

ፍየሌን አያችሁ፣ ግንባረ ቦቃዋን፣
ጠዋት የጠፋችው፣ ያቺን ሚጢጢዋን?

ሁሉም «እኔን አይመለከተኝም፣ ማዶ ጠይቂ» ይላታል። ማዶ ስትሄድ «እዚህ ማን ላከሽ?» ትባላለች። ነገሩ ሲመርራት በገበያ ቀን መንገድ መሐል ቁጭ አለች፦

አልነሳም ከዚሁ፣ ከመንገዱ መሐል፣
የሰማኝ ይቀመጥ፣ ያልሰማኝም ያልፋል።

«ባለጌ ናት» አለች ዓለምዘውድ። «ልጅ በታላላቆቿ ላይ መንገድ ትዘጋለች? እኔ ብሆን በኩርኩም ነበር የማስነሳት።»

«አንቺስ ውሃ ላቆመው ቧንቧሽ ጉዳይ ቀበሌ ስንቴ ተመላለስሽ? ማዶ ጠይቂ አላሉሽም?» አለቻት ባሂራ።

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ? ቧንቧው ቀንድ ስለሌለው ነው?»

«እሱን ተዉትና» አለች ከድጄ፣ «ፍየሏን ማን በላት? እሱን ንገሩኝ።»

ሳቁ ሳያባራ በሩ ላይ ሙስተፋ ቆሞ ነበር። የቀበሌው አደራጅ፣ የከድጄ የእህቷ ልጅ ነው። «እትዬ ባሂራ» አለ፣ «ትልልቅ ሴቶች ተሰብስበው የሕፃን ግጥም ያነባሉ ቢባል ማን ያምናል? ከኋላው ነገር አለ ነው የሚባለው። በአንድ ለአምስት ተደራጁ፣ ማንዋል ይመጣላችኋል፤ እሱን ትወያያላችሁ።»

«ማንዋሉ ፍየል አለበት?» አለች ባሂራ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጠ። ሙስተፋ እምቢታውን ይችለው ነበር፤ ሳቁን ግን አልቻለውም።

በማግስቱ ክፍሉ ተቆለፈ። መጽሐፉ የማዕከሉ ንብረት ስለሆነ ለግምገማ ይመለስ የሚል ቃልም መጣ። የመጨረሻው ምዕራፍ አልተነበበም፤ መጽሐፉ ባሂራ ዘንቢል ውስጥ ነው። መመለስ ቀላል ነበር። አንገታችን የተደፋው እንዲህ ነው፤ ማንም በጥፊ ሳይመታን፣ ቀላሉን እየመረጥን። የልጅ ፍየል የምታስበረግገው ሹመት ምን ዓይነት ሹመት እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፋ። ባሂራ አልመለሰችም። ጨርሰን ካልሆነ አለች።

«እንግዲያው» አለች ከድጄ፣ «ማክሰኞ እኔ ጓሮ እንሰት ይፋቃል። ኑ።»

ይህ ለአገሩ ሰው ማብራሪያ አይሻም። ወንዶች እንሰቱን ነቅለው ጥለው ይሄዳሉ። ሴቶች መፋቅ ከጀመሩ ግን እዚያ ጓሮ ወንድ አይገባም፤ ባልም ቢሆን፣ ሼህም ቢሆን።

ማክሰኞ ሴቶቹ ሳንቃቸውን አጋድመው፣ የቀርከሃ መፋቂያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ዓለምዘውድ በሕይወቷ እንሰት ፍቃ አታውቅም፤ ቀሚሷ ሁሉ ጭማቂ ሆነ። ባሂራ ግንድ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። ሁለት ገጽ እንደሄደች ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ተሰማ።

«አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩሙ ሰላም። እዚያው ሁን!» አለች ከድጄ።

«አክስቴ፣ መጽሐፉን ብቻ ነው። እትዬ ባሂራ ይውጡና ይስጡኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለች ባሂራ።

«እጠብቃለሁ። መፋቁ ሲያልቅ እገባለሁ።»

የቀረው እንሰት ትንሽ ነው፤ ከምዕራፉ የቀረው ግን ብዙ። ፈቲሀ ወደ ባሂራ ጠጋ ብላ «ዝም ብለን ቶሎ ቶሎ እናንብበው፣ ሳንከራከር» አለቻት በሹክሹክታ።

«ሳንከራከር ካነበብነውማ ማንዋል ሆነ!»

እናም ተከራከሩ። በመጽሐፉ ገበያተኛው ከልጅቷ ጎን አንድ አንድ እያለ ሲቀመጥ፣ ከድጄ «መጀመሪያ የተቀመጠው ሌባው ነው፣ እንዳይታወቅበት» አለች። ፈቲሀ «የለም፣ እሱም የጠፋበት ነገር አለ» አለች። እንዲህ ሲባባሉ የመጨረሻው እንሰት ተፍቆ አለቀ። ምዕራፉ ግን አላለቀም።

መፋቂያዎቹ ዝም ሲሉ ሙስተፋ ሰማ። «ጨረሳችሁ መሰለኝ!» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ለወጠ። «ወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ እርስዎም እዚህ ነዎት አሉ። ባለቤትዎ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ያስቡበት እንጂ።»

ማንም ዓለምዘውድን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ብትሄድ የሚፈርድባት አልነበረም። መፋቂያዋን አስቀመጠች፤ ተነሳች። ወደ አጥሩ የምትሄድ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ወንዶቹ ትተውት የሄዱትን ቆንጨራ አነሳች።

«ከድጄ፣ የቱን ልጣለው?»

ከድጄ አየቻት። «ያ የዳሩን። ገና አልደረሰም፤ ያድርገው።»

ዓለምዘውድ ቆንጨራ አያያዝ አታውቅበትም። እንሰቱ ግን ወደቀ። ሲወድቅ አጥሩ ተነቃነቀ፤ ሙስተፋ ወደ ኋላ ሸሸ። መፋቂያዎቹ እንደገና ተነሱ። ባሂራም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፣ ከአጥር ውጭ ያለው አንድ ቃል እንዳያመልጠው። ፍየሏ አልተገኘችም። ገበያው ሙሉ ግን ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብሎ ነበር፤ ያን ቀን «ማዶ ጠይቂ» የሚላት አልተገኘም።

ባሂራ የእንሰት ጭማቂ የተረጨበትን መጽሐፍ ዘጋችና በአጥሩ ላይ ወረወረችው። «እንካ! እኛ ጨርሰናል። እስቲ ደግሞ ከሆዳችን አውጣው!»

«ረጥቧል እኮ!» አለ ሙስተፋ ከወዲያ።

«የማዕከሉ ንብረት አይደል፣ አድርቁት!»

ሴቶቹ ሳቁ። ባሂራ ወደ ዓለምዘውድ ዞረች። «አሁንስ? ልጅቷ ባለጌ ናት?»

«ናት» አለች ዓለምዘውድ፣ መፋቋን ሳታቆም። «እኔም ነኝ።»