እህቴ ሊፍቱ ፊት

ነፍሷን በሰላም ያኑርልኝና፣ ታላቅ እህቴን ሳስታውሳት ቆማ ነው የምትታየኝ። ኤምሬትስ፣ አል አይን ከተማ፣ ማቃም ሰፈር በሞግዚትነት የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ፣ ያ ኮሮና የሚሉት በሽታ ሲመጣ ሥራ አቁማ አል ካራማ ሰፈር፣ ልጄ ቤት ከእኔ ጋር ተጠጋች። ጉልበቷ ያማታል። የእኔም የባሰ ነው፣ ተዉት። ቤታችን ስድስተኛ ፎቅ ነው።

አንዲት ጎረቤት ማዳም «ጥቁሮቹ በሽታ ያመጣሉ፣ በደረጃ ይውጡ» ብላ የሕንፃውን ኃላፊዎች አስወሰነች። ሌላው ሰው እንደ ልቡ በሊፍት ይወጣል።

እህቴ በየጠዋቱ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ሊፍቱ ፊት ትቆማለች። አትጋፋም፣ አትሸሽም። የሚወርደውን ሁሉ፣ ማዳሟንም ጭምር፣ «ደህና አደራችሁ» ትላለች። የአገራችን ልጅ የሆነው ዘበኛ «እማማ፣ ኧረ ከሥራ ያስባርሩኛል!» ሲላት፣ «ቆሜ ነው እንጂ መች ገባሁ ልጄ?» ትለዋለች። መቆሙ ሲደክማት ደረጃውን ትያያዘዋለች።

እኔ ደሜ ይፈላል። «እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ስደቢያት!»

«ከሰደብኳት ስድቤን ይዛ ትሄዳለች። ዝም ካልኳት ግን የሠራችውን ይዛ ነው የምትሄደው።»

በሽታው ሆስፒታል ወስዶ አልመለሳትም። ሳልሰናበታት ቀረሁ። ያ ደረጃ ይሆን ያደከማት እያልኩ ዛሬም እብሰለሰላለሁ።

አንድ ጠዋት ልሳደብ ቆርጬ እሷ ቦታ ቆምኩ። በሩ ሲከፈት ማዳሟ ብቻዋን ናት። አጠገቤ ሌላ ሰው እንዳለ በዓይኗ ፈለገች።

«ትልቋስ?» አለችኝ።

«ሞተች።»

ስድቡ ከአፌ ጠፋ። ማዳሟ ወጥታ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ በሩን በእጇ ያዘችልኝ። ገባሁ። ሳልረጋጋ ስድስተኛ ፎቅ ደረስኩ። ለካ ያን ሁሉ ቀን የከለከሏት ይህችን ታህል መንገድ ነበር።