በሰደፉ ላይ የተጫሩት ፊደሎች

ልጄ የብስክሌቱን ሰንሰለት ዘይት ሲቀባ ጣቱ እንዳይገባበት አጠገቡ ቆሜ ነበር። የዘይቱ ሽታ አያቴን አስታወሰኝ።

አያቴ ከኮሪያ ዘመቻ ሲመለሱ የማረኩትን አጭር የቻይና መትረየስ ይዘው መጥተው ነበር። የአፈሙዙ መከለያ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በዘይት ሲወለውሉት ጨርቁን የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። ሰደፉ ላይ በምስማር የተጫሩ ሁለት የቻይና ፊደሎች ነበሩ።

«አባባ፣ ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ለምን አያስነብቡትም?»

«አንቺ ነገረኛ! የባለመሣሪያው ስም ቢሆንስ?» አሉኝ። ፊደሎቹ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቀስ ይል ነበር።

እዚህ በባዕድ አገር በምንኖርበት ሊንደበርግ፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ይኖራሉ። ዛሬ ፊደሎቹን በልጄ እርሳስ ወረቀት ላይ ሣልኳቸውና ደረጃውን ወጣሁ።

ወረቀቱን አጥፌ፣ ሳላንኳኳ በራቸው ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ሳህን ሲያጥቡ ይሰማኛል።