የእናቴ ምርቃትና የምጽዋ ባሕር

ባሕር በዓይኔ ሳላይ ሦስት ዓመት ስለ ባሕር ተማርኩ። አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ማዕበል ይስሉልናል፤ እኛም እንገለብጣለን። የባሕር ውሃ ጨው ስንት እንደሆነ መለካት የተለማመድነው ከሱቅ የተገዛ የወጥ ጨው ባልዲ ውስጥ አሟሙተን ነው። እኔ ደግሞ የነቀምት ልጅ ነኝ። ነቀምት ላይ ውሃ ማለት ከሰማይ የሚወርደው ነው፤ እሱም ከጀመረ አያባራም።

ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ምጽዋ ላይ ባለው የባሕር ጥናት ጣቢያ የመጨረሻውን ዓመት የሚሠሩ ጥቂት ተማሪዎች ተመረጡ። አንዷ እኔ ሆንኩ! በመስከረም መጀመሪያ ያልተገኘ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል ተባልን። እንደኔ ፍላጎት ቢሆን በዚያው በቆምኩበት እሄድ ነበር። ግን ክረምቱን አገር ቤት ገብቼ የእናቴን ምርቃት መቀበል አለብኝ። በእኛ ቤት ሳይመረቅ ሩቅ አገር የሚሄድ የለም።

እናቴ አልመርቅም አለች።

ለምን እንዳለች አውቃለሁ፤ ሰፈራችን ጨለለቂ በሙሉ ያውቃል። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው ከገበያ ሲመለስ ታፍሶ ነው። በእጁ የያዘው ሽንኩርት እንኳ ቤት አልደረሰም። ሳትመርቀው ሄደ ማለት ነው፤ እሷን የሚበላትም ይኸው ነው። ምጽዋ እንደገባና የሙቀቱ ነገር አይጣል እንደሆነ ጽፎልን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ሁለት ክረምት አለፈ። መርዶ አልመጣም፤ መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ የለም። እናቴ ሳታለቅስም ሳትስቅም ሁለት ዓመት ኖረች።

"አንዱን ወስዶ ያስቀረ አገር ላንቺ ምን ሊያደርግልሽ ነው?" አለችኝ።

"እማዬ፣ እኔ ልማር እንጂ ልዋጋ አይደለም የምሄደው።"

"እሱስ ሽንኩርት ሊገዛ አይደል የወጣው?"

ተናድጄ ወጣሁ።

ያን ክረምት እግሬ አላርፍ አለ። ጠዋት መናኸሪያ እሄድና የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሞልቶ ሲወጣ አያለሁ። ከዚያ በጭቃው ተመልሼ ከሰፈራችን በታች ወዳለው ወንዝ እወርዳለሁ፤ ከትምህርት ቤት ተውሼ ባመጣሁት ቴርሞሜትር የውሃውን ሙቀት እለካለሁ። ለምን እንደምለካው እንጃልኝ፤ እጄ ሥራ ፈቶ ከሚቀመጥ ብዬ ነው። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች "ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ! ውሃው አሞታል እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል። እኔም "ትኩሳት አለው፣ መርፌ ያስፈልገዋል" እላቸዋለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ መጽሐፍ ገልጬ ባሕር በቀን ሁለቴ ሸሽቶ ሁለቴ እንደሚመለስ አነባለሁ፤ በባሕር እንኳ ቀናሁ። እናቴ ከጓዳ ሆና "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ትላለች፣ ለማንም ያልተናገረች መስላ።

ነሐሴ ሲጋመስ ሽማግሌ ላክሁ። ለጋብቻ አይደለም፣ ለትምህርት! እንዲህ ያደረገች ልጅ ነቀምት ላይ ከእኔ በፊት የነበረች አይመስለኝም። የለመንኳቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የእናቴ የንስሐ አባት ቄሱ፣ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው የኦሮሞ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ እና ጨውና ሳሙና ዱቤ የሚሰጠን ጉራጌው ባለሱቅ። "ባሕር ማለት ጨው አይደል? ጨው ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፤ እኔ አስረዳታለሁ" አለ ባለሱቁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊመጡ ተስማማን።

አርብ ማታ ግን ቀበሌው ለቅዳሜ የዘመቻ ሥራ ጠራ፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ጥገና ነው፣ መቅረት የለም። ሦስቱ ተማከሩና "ከዘመቻው በፊት ማልደን ደርሰን እንምጣ" ተባባሉ። ለእኔ የነገረኝ የለም።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ተነስታ ከፈተች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። ኦቦ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ባለሱቁ ብርዱን ፈርቶ ነጭ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። "አካም ቡልተኒ፣ አዴ" አሉ ኦቦ በቀስታ፣ እንዴት አደሩ እሜቴ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ነገሩ ስላሳፈራቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው መሬት መሬት አዩ።

በዚያ ሰዓት፣ የንስሐ አባት አስቀድሞ፣ መሬት እያየ የሚመጣ ሰው በአገራችን አንድ ነገር ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው።

"ልጄን!" አለች እናቴ። "ልጄን! ልጄን!"

ከአልጋዬ ዘልዬ ስወጣ ደጃፉ ላይ ወድቃ ደረቷን እየደቃች ነበር። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ! ሁላችሁ እያወቃችሁ! እኔ ብቻ!" ቄሱ "ኧረ አይደለም፣ ልጄ" ይላሉ። ማን ሊሰማቸው? ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ገባ። አንዷ የወንድሜን የልጅነት ፎቶ ከግድግዳ አወረደች። የእድሩ ሰዎች ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ደረሱ፤ የዚያን ቀን ፍጥነታቸው ለጉድ ነው። ኦቦ በግቢው መሐል ቆመው "ሂንዱኔ! ሂንዱኔ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ ባለሱቁ ከሥር ከሥር "አልሞተም ነው የሚሉት!" እያለ ያስረዳል። ሰው ሁሉ ግን ማጽናኛ መሰለውና ይበልጥ አለቀሰ።

ባለሱቁ አግዳሚው ላይ ወጣ። "ወገኖቼ! እኛ የመጣነው በልጁ አይደለም! በልጅቷ ነው!"

"እሷም?!" ብላ አንዲት ሴት ራሷን ጣለች። ጉድ ፈላ! ሰዎች ክንዴን ይዘው ወደፊት ገፉኝና በሕይወት መኖሬን አሳዩ።

እውነት ለመናገር እኔም አልቅሼ ነበር። መርዶ አለመሆኑን ከማንም ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ግን እናቴ ስሙን እየጠራች ስታለቅስ ስሰማ አንጀቴ አልቻለም። ወንድሜን ናፍቄዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳለቅስለት አልፈቀደልኝም።

ቀስ በቀስ ዝም ተባለ። ቄሱ አፍረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የመጡበትን ተናገሩ። እናቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ሰማቻቸው። ትሰድባቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ የሚገባቸውም ነበር።

"ታዲያ" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፣ "ከእናንተ መሐል መኖሩንም መሞቱንም የሚያውቅ የለም?"

"የለም፣ አዴ" አሉ ኦቦ።

"እንግዲያው አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቅ።"

በእጇ ጠራችኝ፤ ሄጄ ተንበረከክሁ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያየ እንትፍ እንትፍ አለችብኝ። "የወጣሽበት ይቅናሽ። እንቅፋት አይምታሽ። በሄድሽበት ሰው ይውደድሽ" ስትል ለቀስተኛው ሁሉ "አሜን" አለ። ከዚያ ጆሮዬን ወደ አፏ ሳበች። "ካለ ጻፊልኝ። ከሌለ ግን እንዳትጽፊ፤ ወረቀት እንዳያረዳኝ። ራስሽ ነይ። ወጉን ታውቂዋለሽ፣ በጠዋት ነይ።"

ምጽዋ ደርሼ ባሕሩን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄ መጣ። ሰሌዳው ላይ ከተሳለው ጋር በምንም አይገናኝም፤ ይሸታል፣ ይጮኻል፣ ዓይን ያቃጥላል። እኔ ወደድኩት። ማለዳ ውሃው ሲሸሽ እንወርድና ገመድ ዘርግተን፣ ድንጋይ የሚመስለውን ግን ሕይወት ያለውን ኮራል እንቆጥራለን፤ ሙቀቱን፣ ጨውን እንለካለን። ከሰዓት በኋላ ወታደር ባየሁበት ሁሉ ወንድሜን እጠይቃለሁ። አንዱ ወደ አንዱ ይልከኛል፣ ያኛውም ወደ ሌላው። አንዳንድ ጠዋት በሥራው ተውጬ ወንድም እንዳለኝ እረሳና ትዝ ሲለኝ እደነግጣለሁ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የጣቢያችንን በር የሚጠብቅ አዲስ ወታደር መጣ። ከጓደኛው ጋር በኦሮምኛ ሲያወራ ሰምቼ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት። ከነቀምት ብዙ የማይርቀው የአርጆ ልጅ ነበር። የወንድሜን ስም ስነግረው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። አብረው ነበሩ። ጥይት አልነካውም፤ ጀልባ ነው የሰጠመባቸው። "ዋና የት እንማራለን፣ እኛ?" አለኝ።

በማግስቱ ውሃው ሲሸሽ እንደ ሁልጊዜው ወረድኩ። ቴርሞሜትሩን ነክሬ ያዝኩት፣ አወጣሁት፣ ምን እንዳነበብኩ አላውቅም። መልሼ ነከርኩት።

ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ የነቀምት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓቱ አልሄድ እያለኝ የምቁነጠነጥ ሰው፣ ያን ቀን መኪናው በተበላሸ እያልኩ ተመኘሁ። አውቶቡሱ ነቀምት የሚገባው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እናቴ በዚያ ሰዓት ከደጅ ስገባ ብታየኝ እልል ትላለች፤ ጎረቤት ትጠራለች።

ከነቀምት በፊት ያለችው ትንሿ ከተማ፣ አኖ ስንደርስ ተነሳሁ።

"ወራጅ አለ!"

ረዳቱ ትኬቴን ተቀብሎ አየና ገረመው። "እስከ ነቀምት ከፍለሽ የለ እንዴ፣ እህቴ? ትንሽ እኮ ነው የቀረን።"

"አውቃለሁ" አልኩት። "እኔ የምገባው በጠዋት ነው።"