አልታጠፍ ያለው ክርን

ትርፊት ዱራሜ ላይ ፀጉር ሠሪ ናት። እሷ የሠራችው ሹሩባ በቀላሉ አይፈታም፤ ከዳምቦያ ሳይቀር ሙሽሮች ይመጡላታል። ታዲያ ከአዲሎ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠና ቀኝ ክርኗ ተሰበረ። ሆሳዕና ተወስዳ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ አጥንቱን በብረትና በብሎን አሰሩት።

ሐኪሙ ሲያሰናብታት፣ "ብረቱ አጥንቱን ይዞታል፤ አንቺ ደግሞ ቀስ እያልሽ አንቀሳቅሺው። ዝም ብለሽ ካስቀመጥሽው ይደርቃል" ብሏት ነበር።

ማን ሰምቶት! ትርፊት ብሎኑ ቆዳዋን በስቶ የሚወጣ ስለሚመስላት ለማስነጠስ እንኳ ትፈራ ነበር። እኛ ጎረቤቶቿ ደግሞ አለንላት። በእኛ ሰፈር ታማሚ በገዛ እጁ ከበላ ጠያቂው ሁሉ እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። አንዷ ገንፎ፣ ሌላዋ ቆጮ በአይብ ይዛ ትመጣና "በሞቴ!" እያለች ታጎርሳታለች። የባሱት አማቷ እትዬ አስናቀች ነበሩ። ክንዷን በነጠላ ደረቷ ላይ ጥፍር አድርገው አስረው፣ ውሃውንም ራሳቸው ያጠጧታል። ክርኑን ያደረቀው ይኸው ደግነት ነው።

ለቀጠሮዋ ከአማቷ ጋር ሄዳ ነጠላው ሲፈታ ክንዷ እንደታሰረ ቀረ። አልታጠፍም፣ አልዘረጋም አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ ናስረዲን ራጁን አይቶ፣ "አጥንቱ ደህና ገጥሟል። የደረቀው መገጣጠሚያው ነው። አሁን ካልሠራሽበት ምናልባት እንደገና በቀዶ ጥገና መከፈት ሊኖርበት ይችላል" አላት።

"ሹሩባስ? እሠራለሁ?"

"እሱን አላውቅም። መጀመሪያ እጅሽ አፍሽ ጋ ይድረስ።" ከዚያ ወደ አማቷ ዞሮ፣ "እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማጉረስ የለም" አላቸው።

ቤት ገብታ ናስረዲን እንዳሳያት ማጠፍ ጀመረች። ሕመሙን ትችለው ነበር፤ ያቃታት ፍርሃቱ ነው። ክንዷ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር "ብረቱ ሊሰበር ነው" ብላ ትተወዋለች። ስትተወው ደግሞ ሙሽሮቹ ወደ ሌላ ሠሪ ሲሄዱ ይታያታል። ቀንም ሌትም በሁለት ፍርሃት መሀል ተወጥራ ከሳች።

አንድ ምሽት እራት ላይ እኔም ነበርኩ። ትርፊት ጎመን በቆጮ ጠቅልላ እጇን አነሳች። አገጯ ሥር ሲደርስ ቆመ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ልትጎርስ ስትል ባሏ ሀብተሚካኤል፣ "አይሆንም፤ እጅሽ ይምጣ እንጂ" አላት። ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ይህን ሳይ እኔም ፈራሁ፤ ተነሥቼ ልውጣ ሁሉ ብዬ ነበር።

እትዬ አስናቀች አላስቻላቸውም። ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። ግን እጃቸውን መለስ አደረጉና ጉርሻውን ትሪው ላይ አስቀመጡት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ማልቀስ ጀመሩ።

ያኔ ከክርኗ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ። ሁላችንም ሰማነው። ሀብተሚካኤል ከመቀመጫው ተነሣ።

"ተሰበረ! ወይኔ ልጄን!" አሉ እትዬ አስናቀች፣ ለመዞር እንኳ ፈርተው። "ትርፊት! ተናገሪ እንጂ! ተሰበረ ወይ?"

የትርፊት እንባ ይወርዳል። ልትመልስላቸው አልቻለችም፤ ጎርሳ ነበር።