የመስኮቱ ካርዶች

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን ጠባይ ያመጣብኝ ደርግ ነው ብዬ ማመካኘት እችል ነበር፤ ግን ከዚያም በፊት የጎረቤት ሰላምታ ረዘም ሲል ምን ፈልጎ ይሆን የምል ልጅ ነበርኩ። ደርግ የጨመረልኝ ነገር ቢኖር ምክንያት ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው አማካሪዬ፣ ከሶሻሊስት አገር መጥተው ሒሳብ የሚያስተምሩን ዝምተኛ ሰው፣ ለማስተርስ ጥናቴ ርዕስ ሲሰጡኝ በልኬ የተሰፋ ልብስ መሰለኝ።

ርዕሱ ስለሚማር ማሽን ነበር። ማሽኑ የሚማረው በምሳሌ ነው፤ ይገምታል፣ ሲሳሳት ይታረማል። ያየውን መድገሙ ሙያ አይደለም። ጥያቄው፣ አይቶት የማያውቀው ነገር ሲመጣበት ፍርዱ ይታመናል ወይ፣ ለመታመንስ አስቀድሞ ስንት ምሳሌ ማየት አለበት የሚል ነው። ቲዎሪው የሚለውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ጥቂት አይቶ የፈረደ፣ ልክ ቢሆን እንኳ በዕድል ነው። እኔም ይህንኑ በወረቀት ላይ ላረጋግጥ ሁለት ዓመት ደከምኩ።

ችግሩ ማሽን አልነበረኝም። ኮምፒውተር የሚባለውን የማውቀው በወሬ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እኔው ሆንኩ። የምኖረው መካኒሳ አቦ ነበር፤ የክፍሌ መስኮት መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ ያሳያል። በቀኝ የታጠፈ ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ በግራ የታጠፈ ወደ ወፍጮ ቤት። እሁድ ጠዋት መስኮቱ ስር ተቀምጬ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ከካርቶን የቆረጥኩትን አንድ ካርድ እሞላለሁ። ጫማ አድርጓል? ዣንጥላ ይዟል? ብቻውን ነው? ለእያንዳንዱ ምልክት ክብደት እሰጥና ወዴት እንደሚታጠፍ እገምታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከሄደ መደመር፣ ወፍጮ ቤት ከሄደ መቀነስ እጽፋለሁ። ስሳሳት ክብደቱን አስተካክላለሁ። ስም አልጽፍም፤ ስማቸውንም አላውቅ።

እዚህ ላይ ስለ አከራዬ መናገር አለብኝ። ላፍቶ በኩል ጤፍና ሽንብራ የሚያርሱ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው የኦሮሞ አዛውንት ነበሩ። ያን ጊዜ ቤት ማከራየት በአዋጅ የተከለከለ ስለሆነ፣ በቀበሌው መዝገብ ላይ የወንድማቸው ልጅ ነኝ። አንድ የኦሮምኛ ቃል የማታውቅ የወንድም ልጅ! ወንድማቸው ለውትድርና ጎጃም ሄዶ እዚያው እንደወለደኝ ተነግሮ፣ ቀበሌውም ተቀብሎ ጻፈ። እኔም አባባ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንግዳ ሲመጣ ከልጆቻቸው እኩል ይቆጡኛል።

አንድ ሰኞ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ካርዶቹ ከአልጋዬ ስር የሉም። የዓመት ልፋቴ ነው። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ ምን እንደሆነ የታየኝ። ካድሬው፣ የቀበሌ ሹሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ታየ ከተባለ እንጀራውን በሚያጣበት ዘመን፣ እሁድ እሁድ ማን ወደ አቦ እንደታጠፈ መዝግቤ አስቀምጫለሁ። ስም ባይኖርበትም የሰፈሩ ሰው ካርዱን አንብቦ ይህ እገሌ ነው ማለት አያቅተውም። የሽብሩ ጊዜ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

ማን ወሰደው? ሦስት ነገር ነበረኝ። አዛውንቱ ባለፈው ሳምንት፣ ከቶ ጠይቀውኝ የማያውቁትን፣ መስኮት ስር ምን እንደምጽፍ ጠይቀውኛል። ቅዳሜ ቀበሌ ተጠርተው ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ ዓይኔን ሸሹ። ለክፍሌ ቁልፍ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ማክሰኞ ደግሞ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ፍራሼን ገልብጠው፣ መጻሕፍቴን አገላብጠው ሄዱ። አዛውንቱ ካርዶቹን ሸጡብኝ፣ እነዚህ ደግሞ ለቀረው መጡ አልኩ። በሦስት ምልክት ፈረድኩ። ተማሪዬ እንዲህ ያለ ሥራ ቢያመጣልኝ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ እመልስለት ነበር።

ምንም አልጠየቅኳቸውም። ረቡዕ ጠዋት ወደ ሌላ ሰፈር ለመዛወር መሸኛ ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ገልጦ፣ የአጎትሽ ቤት እያለ ለምን ትሄጃለሽ አለኝ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

“አጎቴ አይደሉም” አልኩ። “ተከራይ ነኝ።”

ብዕሩን አስቀመጠ። ጥበቃውን ልኮ አዛውንቱን ከማሳ አስጠራቸው። እስኪመጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያልኩት ነገር ቀስ እያለ ገባኝ። ክፍሉ ይወረሳል። መንግሥትን አታለዋል ተብለው ደግሞ እዚያው ከአዳራሹ ጀርባ ያለው እስር ቤት ይገባሉ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

እግራቸው ጭቃ እንደሆነ ገቡ። ሊቀ መንበሩ ያልኩትን ነገራቸው። አንዴ አዩኝ።

“የወንድሜ ልጅ ናት” አሉ። “ተጣልተናል። የተቆጣች ልጅ የማትለው የለም።”

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ ማናችሁ ናችሁ የምትዋሹት አለ። ዝም ብል ያበቃላቸዋል። አጎቴ ናቸው፣ ተናድጄ ነው አልኩ። አንድ ሰዓት ይመረምረናል ብዬ ስጠብቅ፣ ሳይጨቀጭቅ መሸኛዬን ጽፎ ማኅተም መታበት። ይህም አጠራጠረኝ።

አዛውንቱ ነገሩን የነገሩኝ መንገድ ላይ፣ ግራ ቀኙን አይተው ነው። ሊቀ መንበሩ ራሱ እሁድ እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ አቦ ይሄዳል። መስኮት ላይ ሆኜ ስጽፍ አይቶኛል። ቅዳሜ የጠራቸውም ይህች ልጅ ምን ትጽፋለች ብሎ ነው። መሸኛዬን ሳይጨቀጭቅ የጻፈውም ከመስኮቱ እንድርቅለት ነው። ፈታሾች እንደሚመጡ ስለገባቸው፣ እኔ ሥራ እያለሁ ካርዶቹን አውጥተው ደብቀዋል።

“ለምን አልነገሩኝም አባባ?”

“ፊትሽ አይደብቅም። ሲጠይቁሽ እንዳታውቂ ብዬ ነው።”

ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ፤ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። ግቢ ስንገባ በቀጥታ ወደ ጭዱ ክምር ሄዱ፣ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አስገብተው በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለውን አወጡና ሰጡኝ። እኔ በገመድ ያሰርኩት ቋጠሮ ሳይፈታ እንዳለ ነበር።

እዚያው ቆሜ ገመዱን ፈታሁ። ለማን አሳይተውት ይሆን፣ ስንቱን አስቀርተው ይሆን እያልኩ፣ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አንድም አልጎደለም። ቀና ስል አዛውንቱ አልሄዱም፤ ቆመው ስቆጥር ያዩኝ ነበር።