የዳሪሙ ጅግራ እንቁላል

ዘንድሮ የፋሲካ ዕለት የልጅ ልጄ የተቀቀለ እንቁላል ግንባሯ ላይ መትታ ስትሰብር ሳቄ መጣ። እኔም በልጅነቴ በእንቁላል ተጋጥሜ ነበር፤ ያውም ላሸንፍ ቆርጬ።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ መቱ ውስጥ የአንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ መጋዘን ዘበኛ ነበር። የነጋዴው ሚስት፣ እትዬ ኤሌኒ፣ በሁዳዴ የሚበላቸው ጠፍቶ የተከማቹትን እንቁላሎች ለፋሲካ በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀቅለው ያቀሏቸዋል። እሳቸውን ጨምሮ የመጋዘኑ ሰው ሁሉ አንዳንድ ይይዝና ሁለት ሁለት እየሆነ ጫፍ ለጫፍ ያጋጫል። የተሰነጠቀበት ይወጣል። መጨረሻ ላይ ሳይሰነጠቅበት የቀረ እትዬን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ እሳቸውም እምቢ አይሉም። ሰዉ ሻሽ ወይም ስኳር ነበር የሚጠይቀው።

እኔ የምመኘው የስፌት መኪናቸውን ነበር። ድምፁን በመስኮት ስሰማ እግሬ አብሮ ይረግጣል። አባቴ ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ቡሬ አክስቴ ዘንድ ጠላ እንድሸጥ ሊልከኝ ወስኗል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የእኔ እንቁላል በመጀመሪያው ምት ነበር የተሰነጠቀው።

ስለዚህ በዚያ ዓመት በዶሮ አልታመንም አልኩ። ገበያ ወጥቼ ከዳሪሙ ከሚመጡት ከአዴ ጫልቱ አንድ የጅግራ እንቁላል በእፍኝ በርበሬ ለወጥኩ። የጅግራ ቅርፊት ድንጋይ ነው። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ፣ ልታስታቅፊው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

የፋሲካ ዕለት ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ ግቢው የቡና አበባ ይሸታል። እኔም የራሴን፣ በልጣጭ ያቀላሁትን፣ ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ገባሁ። ጆንያ ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ አስወጣሁ። አባቴም፣ ይቺ ልጅ ዛሬ ምን በልታ ነው እያለ ወጣ። የቀሩት እትዬ ኤሌኒ ብቻ ነበሩ። አጋጨን፤ የእሳቸው ተሰነጠቀ።

እንቁላሌን ተቀብለው በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ከቀለሙ ሥር ነጠብጣቡ ወጣ።

"ይቺ የማን ዶሮ ናት?"

"የዳሪሙ ጅግራ ናት፣ እትዬ።" አዴ ጫልቱን ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛ መዋሸት አልቻልኩም።

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አባቴ መሬት መሬት ያያል።

"ምን ልትጠይቂኝ ነበር?"

"መኪናውን እንዲያስተምሩኝ። አለዚያ ቡሬ መሄዴ ነው።"

እትዬ ወደ አባቴ ዞሩ። "አላሸነፈችም፤ ጅግራ አይቆጠርም" አሉት። "ማክሰኞ ግን እኔ ዘንድ ይላኳት።"

ማክሰኞ ስሄድ ክርም ጨርቅም የለም። ወረቀት ላይ መስመር አስምረው፣ በመኪናው ባዶ መርፌ ተከተዪው አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀት ስበሳ፣ የጅግራዋ ቅጣት ነው ብዬ ቻልኩት። ቡሬም ቀረ።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ በዚያ ሙያ ግን ልጆቼን አሳድጌ፣ ከመቱ እስከ ኖፓ ስንቷን ሙሽራ አልብሻለሁ። ቅጣት አለመሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ እኔም በተራዬ ልጃገረዶች ማስተማር ስጀምር ነው። እነዚያ ልጆች ማንንም አላታለሉም፤ ግን እኔም ያስጀመርኳቸው በወረቀት ነው። የመኪና ስፌት ሌላ መጀመሪያ የለውም። ለካ እትዬ ከመጀመሪያው ቀን የምር ነበር የሚያስተምሩኝ።